ባትሪ የሰነፍ ሰበብ ነው

[አንድ ክፍል፣ ሁለት ሥራ። በአንዱ ጥግ ሊቁ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ በሌላው ጥግ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ገራገሩ ልብስ ይሰፋል። አንድ ላይ የገዟቸው፣ መልካቸው የማይለይ ሁለት ላፕቶፖች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል። የገራገሩ በርቷል፤ የሊቁ ጠፍቷል።]

ገራገሩ፦ ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል ስልህ ስማኝ እንጂ!

ሊቁ፦ ባትሪ፣ ባትሪ፣ ባትሪ! ስንቴ ልንገርህ? ባትሪ የሰነፍ ሰበብ ነው። ሁሉም ነገር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ገራገሩ፦ ታዲያ ቻርጀሩን ስትነቅለው ለምን ድርግም አለ?

ሊቁ፦ ድርግም አላለም። ራሱን እየቆጠበ ነው።

ገራገሩ፦ ጠፍቶ?

ሊቁ፦ ከመጥፋት የበለጠ ቁጠባ አለ?

ገራገሩ፦ [መርፌውን ይዞ እያሰበ] የለም። እሱስ እውነትህን ነው።

ሊቁ፦ እንዲህ ነው! ይልቅ አታዘናጋኝ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ በመኪናቸው መጥተው ሊወስዱኝ ነው። መምህራኑ አዳራሽ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው። መድረኩ ላይ ደግሞ ሶኬት የለም።

ገራገሩ፦ ሳይሰካ ልታሳያቸው?

ሊቁ፦ ሳይሰካ! «ባትሪ አትቀይሩ፣ ሲስተም ቀይሩ» ብዬ አሳምናቸውና የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ሁሉ እኔ እይዛለሁ። ካልሆነ እህትህ ቁርጡን ነግራኛለች።

ገራገሩ፦ ምን አለችህ?

ሊቁ፦ «ወይ ይህን ሥራ ያዝ፣ ወይ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለህ ቁልፍ ትከል።»

ገራገሩ፦ ምነው፣ ቁልፍ መትከል ነውር ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ነውር አይደለም። መርፌ ይወጋኛል።

ገራገሩ፦ እስቲ እኔን በሚገባኝ አስረዳኝ። ሲስተሙ ባትሪውን ምን ያደርገዋል?

ሊቁ፦ [ደስ ብሎት ወንበሩን ያዞራል] ሲስተምን እንደ ቤት እመቤት ቁጠራት። ለሁለት ቤት እኩል አንዳንድ ጆንያ ዱቄት ስጥ። አንደኛዋ በሯን በርግዳ ጎረቤቱን ሁሉ ትጋብዛለች፤ ሳምንት አትዘልቅም። ሌላዋ ቆጥባ ወሩን ትደፍናለች። አሮጌው ሲስተም አንተ ሳታውቅ ከጀርባ ስንቱን ፕሮግራም ይቀልባል መሰለህ! የኔ ግን ሥራ የሌለውን ሁሉ ያስተኛል፤ ሥራ ሲቀንስ ማሽኑንም ረጋ ያደርገዋል።

ገራገሩ፦ ገባኝ። ያንተ እመቤት ቆጣቢ ናት።

ሊቁ፦ እንዴታ!

ገራገሩ፦ ዱቄቱስ?

ሊቁ፦ የምን ዱቄት?

ገራገሩ፦ ጆንያው ባዶ ከሆነ ሴትየዋ ምኑን ትቆጥበው?

ሊቁ፦ ኧረ በሕግ አምላክ! ምሳሌ ነው፤ ምሳሌ ጆንያው አይፈተሽም። ና ይልቅ አግዘኝ። [ቻርጀሩን ይሰካል፤ ላፕቶፑ ይበራል] ይኸው፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩት።

ገራገሩ፦ ምንም አይታይም እኮ።

ሊቁ፦ ባለሙያ በእጁ ያያል። ዋይፋይ ዘጋሁ። ድምፁን ዘጋሁ። ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ አስተኛሁ። አሁን ንቀለው!

[ገራገሩ ይነቅላል። ላፕቶፑ ይጠፋል።]

ገራገሩ፦ እሱም አብሮ ተኛ።

ሊቁ፦ አትቀልድ! በስንት ልመና የመጣ ሥራ ነው! በቀደም እኮ ከጠዋት እስከ ምሳ ሳይሰካ ይሠራ ነበር። ምን ነካብኝ? [ላቡን ይጠርጋል፤ ዓይኑ የገራገሩ ላፕቶፕ ላይ ያርፋል] ቆይ፣ ቆይ። ያንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ሳይሰካ የበራው?

ገራገሩ፦ ከጠዋት ጀምሮ። የቀሚስ ሞዴል እያየሁበት ነው።

ሊቁ፦ አየህ! አየህልኝ! እኔ የጫንኩልህ ሲስተም ነው! በፊት ሲነቀል ወዲያው አልነበር የሚጠፋው?

ገራገሩ፦ ወዲያው ነበር።

ሊቁ፦ ከዚያ ወዲህስ?

ገራገሩ፦ ከዚያ ወዲህማ ዕድሜ ላንተ!

ሊቁ፦ በቃ፣ ያንተን ይዤ እሄዳለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? አምጣው!

ገራገሩ፦ [ላፕቶፑን እያቀፈ] አይሆንም ጋሼ። ሰው ፊት ትዋረዳለህ።

ሊቁ፦ ለምን እዋረዳለሁ?

ገራገሩ፦ ሲስተምህ እዚህ ውስጥ የለማ።

ሊቁ፦ እንዴት አይኖርም! ዓይን የለኝም? [ስክሪኑ ላይ ያለችውን የወፍ ሥዕል እያሳየ] ይቺ ወፍ የኔ ሲስተም ምልክት አይደለችም?

ገራገሩ፦ ወፏን ወደድኳትና ሥዕሏን ለብቻ አስገባኋት። ያን ቀን «ይጫን» እና «ይቅር» የሚል ሲመጣ፣ «ይጫንን ንካ» ብለኸኝ ወጣህ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይቅርን ነካሁ።

ሊቁ፦ [እየተንሸራተተ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል] ከጠዋት ጀምሮ የሚሠራው ያው አሮጌው ነው?

ገራገሩ፦ ያችው የድሮዋ እመቤት። ጎረቤቱን እየጋበዘች።

ሊቁ፦ ታዲያ ዱቄቱን ከየት አመጣችው?!

ገራገሩ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ካንተ ቤት።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ገራገሩ፦ አንተው እኮ ነህ «በኔ ሲስተም ያረጀ ባትሪ እንኳ እንደ አዲስ ይሆናል» ያልከው። እንግዲያው ጋሼ ምን ቸገረው አልኩና ላፕቶፖቹን ገለበጥኳቸው። ያንተን ባትሪ ለኔ፣ የኔን አሮጌ ላንተ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ልክክ አሉ። ይኸው እስኪታደስልህ ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ሊቁ፦ ሰረቅኩህ በለኛ!

ገራገሩ፦ ኧረ አመንኩህ! በዚህ ቤት አንተን ያመነ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ሊቁ፦ በል ባትሪዬን መልስ! ሴትየዋ አሁን ይደርሳሉ!

ገራገሩ፦ እመልሳለሁ። ግን ስገባም ስወጣም ሰነፍ ስትለኝ ነው የከረምከው። እስቲ ንገረኝ፣ ባትሪ የሰነፍ ሰበብ ነው?

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] አይደለም።

ገራገሩ፦ [የስፌት መኪናውን እየረገጠ] አልሰማሁህም፣ መኪናው ይንጫጫል።

ሊቁ፦ አይደለም አልኩህ!

ገራገሩ፦ ታዲያ ምኑ ነው?

ሊቁ፦ [ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ባለ በሌለ ድምፁ] ባትሪው ነው! ሁሉም ነገር ባትሪው ነው! ሲስተም ምናምን ወሬ ነው! ሲስተም ልቀይርላችሁ የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት!

[የስፌት መኪናው ጸጥ ይላል። በሩ ላይ ዳይሬክተሯ የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ገራገሩ ብድግ ይላል።]

ገራገሩ፦ ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ለመምህራኑ የሚናገረውን እየተለማመደ ነው።