አንድ ስድስተኛ እንጀራ

መቁጠር የሚያውቅ ሰው አይታለልም ይባላል። እስቲ ተዉኝ፤ እኔ የተታለልኩት ሁሉ እየቆጠርኩ ነው። ቁጥር የተማርኩት ቤይሩት በገባሁ ሰሞን፣ በአሠሪዬ በማዳሜ ሕንፃ አሳንሰር ቁልፎች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያልቆጠርኩት ነገር የለም። ቤይሩት ዳር፣ ደክዋኔ ያለው ቤታችን ሰባ አራት ደረጃ አለው። ወደ ዶራ ሰፈር የሚሄደው ቫን ለአሥራ አራት ሰው ተሠርቶ አሥራ ሰባት ይጭናል፤ አሥራ ስምንተኛ ሆኜ ስደርስም «ያላ፣ ጠጋ ጠጋ» ነው።

ታዲያ እንደኔ በአሳንሰር የተማረ ሰው የትምህርት ቤት ወረቀት ሲያይ በአክብሮት ከመቀመጫው ይነሣል። አብራን የምትኖረው የወሎዋ ዘይነባ ሐያት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። በመኖሪያ ወረቀት ጣጣ ዘግይታ ስለጀመረች፣ ሦስተኛ ክፍል ትቆይ ወይስ ከትንንሾቹ ጋር ሁለተኛ ትውረድ፣ መምህሯ ገና አልቆረጠችም። ባለፈው ዓርብ ሐያት ራሷ ያመጣችውን ወረቀት አነበበችልን። በዚህ ሳምንት በንባብ፦ ያዩትን ጽፎ ማንበብ። በሂሳብ፦ ክፍልፋይ። ቤት ያለ ክብ ምግብ በበላተኛው ቁጥር እኩል ይከፈል፤ ተማሪው ድርሻውን ሥሎ ቀለም ይቀባ፤ ስለዚያው ጽፎ ሰኞ ክፍል ውስጥ ያንብብ። ከሥር መምህሯ ለሐያት ብቻ የጨመረችው አለ፤ ይህን ካልቻለች ሁለተኛ ክፍል ትወርዳለች።

ዘይነባ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ግን ክፍልፋይ አያስፈራኝም፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሲሶና በእርቦ ሲነታረክ የኖረ ገበሬ ነው። ኃላፊነቱን ወሰድኩ።

በቤታችን ስድስት ነፍስ ነን፤ እኔ፣ ዘይነባና ሐያት፣ ትዕግሥት፣ ሁለት የጅማ ልጆች። እሑድ ምሳ ላይ እንጀራውን በቢላዋ ጫፍ ስድስት ቦታ ሰነጠቅሁ፤ ሽሮውንም በጭልፋ ለክቼ አደልኩ።

«እትዬ ብርቄ፣ ያኒ የኔ ሰፈር ወጥ አይደርሰውም?» አለች ትዕግሥት፣ በሰዓት ቤት የምታጸዳው አፈኛችን።

ወዲያው የዘይነባ እጅ በልማዱ የትዕግሥትን መስመር ተሻገረ። «ወረቀት አለሽ?» አለቻት ትዕግሥት። ሳቅን። ከስድስታችን የመኖሪያ ወረቀት ያለን ሁለት ብቻ መሆናችን ትዝ ሲለን ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኛ አብረን ተቀምጠን ብቻ ብቻችንን በላን።

ሐያት ድርሻዋን በአምስት ጉርሻ ጨርሳ እርሳሷን አነሣች።

«ጠገብሽ?» አልኳት።

«አለቀ እኮ ቴታ» አለችኝ፤ በዐረብኛ አያቴ ማለቷ ነው። «አንድ ስድስተኛ ይኼው ነው።»

ዘይነባ «እኔስ ጠግቤያለሁ» ብላ ከድርሻዋ የተረፋትን ወደ ልጅቱ ገፋች። ትዕግሥት «ማዳሜ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አለች፤ እሑድ ሥራ እንደማትገባ ሁላችን እናውቃለን። ሁለቱ የጅማ ልጆች ተከተሉ። እኔም «ሆዴን ነፍቶኛል» አልኩ። ሐያት እየበላች ቀባች፤ የክቡ ግማሽ ቀይ ሆነ።

«አንቺ! አንዷን ብቻ ነው የምትቀቢው!»

«ቴታ፣ ያየሽውን ጻፊ ነው የሚለው።»

ሰኞ ዘይነባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። መምህሯ የጻፈችውን ሐያት ቆማ አነበበች፦ «ሂሳብ፦ ስህተት። ከስድስት እኩል ድርሻ አንድ ሰው ግማሹን ሊወስድ አይችልም። ንባብ፦ በጣም ጥሩ፤ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ሦስተኛ ክፍል ትቆይ።»

ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወረቀቱን ሳመችው። እኔን ግን የሂሳቡ ነገር ከነከነኝና፣ ምን ብላ እንዳነበበች ሐያትን ጠየቅኋት።

«ሁሉም ጠገብን አሉ፤ እኔም ጠገብኩ፣ ነው ያልኩት።»

ደጋግሜ ሠራሁት። ስድስት ሰው ጠገብኩ ብሏል፤ የጠገበችው አንዷ ናት። አንድ ስድስተኛ ማለት ይህ ካልሆነ፣ መምህሯ ትምጣና ታርመኝ።