ሊቀ ክንድ እና የድንኳኑ ዕቃዎች

የትም ሂዱ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያጠና ቡድን ባለበት ሁሉ አንድ ሁሉን ተርጓሚ አይጠፋም። ማን እንደሚመድበው አላውቅም። እናንተ ምዕራፉን ጨርሳችሁ ወደ ቤታችሁ ልትሄዱ ስትሉ፣ እሱ ገና መነጽሩን ይወለውላል።

የእኛው ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤት ከጎረቤት ሲያዋስኑ ኖረው፣ አሁን የጥንት እስራኤላውያንን የመገናኛ ድንኳን ካልለካሁ ብለው ይዘውናል። «ክቡር ሊቀ ክንድ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው በሐሜት ነው፤ ሲሰሙት ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ከታቦቱ ጀመርን። በአንድ ሐሙስ እንጨርሳለን ብለን ነበር፤ በአራተኛው ሐሙስ ገና መሸከሚያው መሎጊያ ላይ ነን። «መሎጊያዎቹ ከቀለበቶቹ አይውጡ ተባለ። ለምን?» ይላሉ። «በዘፈቀደ አይደለም። አምላካቸው ሁልጊዜ ለመንገድ የተሰናዳ ነው ማለት ነው።» ታቦቱ በረሃ ተሻግሯል፤ እኛ ከመሎጊያው ፈቀቅ አላልንም።

ባለቤታቸውን አንድ ቀን «ቤትም እንዲህ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሳህን ስደረድር ስለ ኅብስቱ ገበታ ይነግረኛል» አሉኝ። «ዐሥራ ሁለቱ ኅብስት ዐሥራ ሁለቱ ነገድ ነው ይለኛል። አንዷን ሳህን አንስቶ ቢያጥብ ምናለበት?»

ባለፈው ወር ደግሞ የምናጠናበትን ክፍል በክንዳቸው ለክተው ወለሉን በጠመኔ ከፈሉት። እዚህ ቅድስት፣ እዚያ ቅድስተ ቅዱሳን። የመብራቱ ማብሪያ ቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ወደቀ። እዚያ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚገባው ብለው ስለከለከሉን፣ ያን ደመናማ ከሰዓት በድንግዝግዝ ተቀመጥን።

ጠመኔውን በማግስቱ ተንበርክከው የፈገፈጉት እማማ ናቸው። ባልም ልጅም የላቸውም፤ ክፍሉን ሃያ ዓመት በነፃ አጽድተዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ክፍሉ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ «ይረፉ» ብለን ቁልፉን ልንቀበላቸው ስብሰባ ጠራን። ደግ የሠራን መስሎን ነበር። እማማ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልለው እንደያዙ፣ «እንግዲህ ሐሙስ የት ልዋል?» አሉ።

ሊቀ ክንድ እጃቸውን አወጡ። ሁላችንም በረጅሙ ተነፈስን።

«ከመሠዊያው ላይ አመዱን የሚያነሳው ማን ነበር?»

«ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ይማሩን» አለች ሰብሳቢያችን፣ በሙያዋ ነርስ ናት።

«ካህኑ ራሱ ነው። የበፍታ ልብሱን ለብሶ። አመድ ነው ብሎ ሎሌ አልላከም። መጫሪያው ሳይቀር ከመሠዊያው ዕቃ ጋር ተቆጥሯል። በዘፈቀደ አይደለም።»

«አመዱስ እሺ» አለች ነርሷ። «እማማ ደረጃው ላይ ባልዲ ይዘው ቢወድቁስ?»

ሊቀ ክንድ፣ እኔ እስከማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጭር መልስ ሰጡ። «ባልዲውን እኔ እይዛለሁ።»

ቁልፉ እማማ ጋር ቀረ። ሊቀ ክንድ ይህን ቃላቸውንስ የት ያደርሱታል ብዬ፣ በቀጣዩ ሐሙስ ልታዘብ ማልጄ ሄድኩ። እውነትም ባልዲውን ይዘዋል። እያለከለኩ ይወጣሉ፣ አፋቸው ግን አላረፈም። እማማ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ይከተላሉ። እኔም መወልወያውን ተቀብዬ ከኋላ።

«ካህናቱ የሚታጠቡበት ሰን፣ እማማ፣ በድንኳኑ ደጃፍ ከሚያገለግሉ ሴቶች የናስ መስተዋት ነው የተሠራው። እንደ እርስዎ ካሉት።»

«እኔ እንኳ መስተዋት ካየሁ ቆየሁ» አሉ እማማ። «ስንት ክንድ ነበር?»

ሊቀ ክንድ ቆሙ። ባልዲውን አስቀመጡ። «የእሱ ልክ አልተነገረም» አሉ ቀስ ብለው፣ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል።

ከዚያ ዝም። ይህን ዝምታ ስንት ሐሙስ ተመኝቼዋለሁ፤ ሲመጣ ግን እኔው ጥያቄ ፍለጋ ገባሁ።

«ጋሼ» አልኩ ከታች፣ «የመጋረጃው መያዣዎችስ ስንት ነበሩ?»

«አምሳ። የወርቅ» አሉና ባልዲውን አነሱ።