በሽተኛው የተሰረዘበት ድግምት

የሌላ ሰው መድኃኒት ወስዶ፣ የበሽተኛውን ስም ከጠርሙሱ ልጦ የራሱን የሚለጥፍ ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? ሌባ ትሉታላችሁ። መድኃኒቱ በጣም ያረጀ ከሆነ ግን ስሙ ይለወጣል። ምሥጢራዊ ጥበብ ይባላል።

ይህን ያወቅሁት ከያኢር ነው። እዚህ እስራኤል አብረን የቤት አየር ማቀዝቀዣ እንገጥማለን፤ እኔ መሰላሉ ላይ፣ እሱ ወሬው ላይ። ቤቱ ኢንተርኔት ካስገባ ወዲህ ሊቅ ሆኗል። ነስ ጺዮና ከተማ ካሉ ጓደኞቹ ጋር ካባ ለብሰው፣ ወለሉ ላይ ክብ አስምረው መንፈስ ይጠራሉ።

ትንሿ ልጃችን ከሞተችብን በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ባለቤቴ አልማዝ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ያስገባሁላትን ትቀምሳለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ያኢር ይህን ሰምቶ አርብ ከሰዓት እኛ ሰፈር ሻዓራይም ድረስ መጣ፤ በቃሉ የሚያውቀውን ድግምት ሊያስተምረኝ።

«ያበረታሃል፣ አኺ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ከየት የመጣ ነው?»

ኩራት ኩራት እያለው አስረዳኝ። ግብጽ ውስጥ በግሪክኛ ተጽፎ የተገኘ ነው፤ ራስ የሌለውን አምላክ ይጠራል፣ የሙሴንም ስም ያነሣል። መጀመሪያ ጋኔን ከሰው ማስለቀቂያ ነበር። ኋላ የእንግሊዝ አስማተኞች ወደዱት። ለሌሎች ጥሪዎች መክፈቻ አደረጉት፤ ቀጥሎም የየራሳቸውን ጠባቂ መልአክ መገናኛ።

«በሽተኛውስ?»

«የቱ በሽተኛ?»

«ጋኔን የያዘው ነዋ። የት ገባ?»

«እሱ አሁን አያስፈልግም። የሚያነበው ሰው ለራሱ ነው የሚጠራው።»

ደሜ ፈላ። ልጅ ያስታመመ ይፍረደኝ። ያ ጽሑፍ የታመመ ሰው ስም የሚገባበት ቦታ ነበረው። አንድ ቀን አንዲት እናት አጠገቡ ቆማ ያንን ስም እስኪጠሩት ጠብቃለች። እነዚህ የደላቸው ሰዎች በሽተኛውን ከአልጋው አውርደው እነሱ ተኙበት። የቤተ እስራኤሉ ቄሳችን ሆስፒታል ውስጥ ልጄ ራስጌ ቆመው ሲጸልዩ፣ ይኸው ያኢር በጆሮዬ «እስካሁን በዚህ ታምናላችሁ?» ብሎኛል። ቄሱ እኮ ለራሳቸው አንዲት ነገር አልለመኑም።

ይህንኑ ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በሽተኛውን መልስ።»

«ማንን?»

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። እኔ በዚህ አላምንም፤ ቄሱም ቢሰሙ ቤቴን ዳግም አይረግጡም። የመኝታ ቤቱን በር አየሁ።

«አልማዝ በል። አልማዝ፣ የጥሩነሽ ልጅ» አልኩት። ለታመመ ሲጸለይ የእናት ስም አይቀርም።

ያኢር ተነሣ። ለሌላ ሰው ጠርቶ አያውቅምና ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፍርሃቱን በጩኸት ሸፈነው። ያንን የማይታወቅ ስም ሁሉ ሲደረድረው መስኮቱ ነዘረ።

በሩ ተከፈተ። አልማዝ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ አየችን።

«ሰንበት ሊገባ እንዲህ ይጮኻል? ምን ዓይነት ባለጌዎች ናችሁ? ጎረቤት የለም? ደግሞ ስሜን ምን አድርጊ ብሎ ነው የሚያነሣው ይሄ?»

ማን እንዳስወጣት አልመረመርኩም። ወንበር አቀረብኩላት፤ ተቀምጣ ስድቡን ቀጠለች። አማርኛ የማይሰማው ያኢር ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ምን እያለች ነው?»

«አሜን እያለች ነው» አልኩት።