አቶ አክሊሉና የበርበሬዋ ዘፈን

የወደደውን ዘፈን ብቻውን ሰምቶ ማደር የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዳንዱ ከተማ ሁለትና ሦስት አለው፤ ለሆሳዕና ግን አንድ አቶ አክሊሉ በቂዋ ናቸው፤ እንዲያውም ትርፋቸው ለዶዮገናና ለጊምቢቹ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው ምግብ ሲጣፍጠው ራሱ ይበላል፤ ዘፈን ሲጣፍጠው ግን ሌላውን ያጎርሳል። ጠገብኩ ማለት አይሠራም።

ክቡር አቶ አክሊሉ በሙያቸው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ናቸው። በየወረዳው እየዞሩ የቆመውን ፓምፕ ያስነሳሉ፤ ጥሩ ባለሙያ መሆናቸውንም ጠላት አይክድም። ፓምፑ ግን ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራቸው መንገድ ላይ ነው። ሰርግ ካዩ መኪናው ይቆማል። ከአጥቢያ አዳራሽ የመዘምራን ልምምድ ከተሰማ ይቆማል። አንድ ቀን ከአንጋጫ ሲመለሱ የጠፋ በሬውን በዜማ የሚጣራ ገበሬ ሰምተው አስቆሙ፤ ስልካቸውን ደቅነው ጥቂት እንደቀዱ በሬው ተገኘና ሰውየው ዝም አለ። አቶ አክሊሉ ከልባቸው አዘኑ።

ይህን ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ሆና የቻለችው ጣቢታ ናት። ጣቢታ የውሃ ጥራት መርማሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ዝምታ የምትወድ፣ የናሙና ጠርሙሶቿን እንደ ሕፃን ታቅፋ የምትጓዝ ሴት። አቶ አክሊሉ ከፊት ወንበር ዞር ይሉና የማዳመጫቸውን አንድ ጫፍ እየዘረጉላት፣ "ይቺን ብቻ ስሚልኝ" ይሏታል። "ይቺን ብቻ" ማለት በእሳቸው አቆጣጠር ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ማለት ነው። እያሰሙም ፊት ያያሉ። ጣፋጩ ቦታ ሲቃረብ ቅንድባቸውን ሰቅለው "መጣች፣ መጣች" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ያልተነቀነቀ አንገት ካለ ዘፈኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ጣቢታ አንገቷን መነቅነቅ የለመደችው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ቆርጣ አለቃቸው ቢሮ ገባችና ሌላ መኪና ላይ ብትመደብ ሥራዋን በተሻለ እንደምትሠራ ተናገረች። አለቃው በትዕግሥት አዳመጧት። ሌላ መኪና እንደሌለ ነገሯት። ከዚያ በሩን ዘጋ እንድታደርገው ጠየቋትና ባለፈው ሳምንት አቶ አክሊሉ የላኩላቸውን መዝሙር አሰሟት።

በኅዳር አጋማሽ ለሥራ ቦኖሻ ወረዱ። በርበሬ የሚሰጣበት ወር ነበር፤ ሰማዩ ግን ያለጊዜው ደመና ለብሶ ሳምንት አልፎታል። ከፓምፑ ማዶ ባለው ግቢ ገነቴ የምትባል ሴት ሸራ ላይ ያሰጣችውን በርበሬ እያገላበጠች በሀድይኛ ታንጎራጉራለች። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበራት። ጣቢታ እንኳ ውሃ መቅዳቷን ትታ ቀና አለች። አቶ አክሊሉማ መፍቻውን ጥለው አጥሩ ሥር ደርሰዋል። ቅባት የነካው ጣታቸውን ጠርገው ስልካቸውን እስኪያወጡ ዘፈኑ ተጋመሰ፤ የያዙት ከመሃል ነው።

"ጠፍተህ ከረምክ፣ ብቅ በል፤ ደጄን ክፍት ትቼልሃለሁ፤ ቀዩን ዘርግቼ እጠብቅሃለሁ" ይላል።

ጣቢታ ሴትየዋን ማስፈቀድ አልነበረብንም ወይ ስትላቸው፣ ወፍ ይፈቀድልኝ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ ብለው ሳቁ። በአሥር ቀን ውስጥ ዘፈኑን ለአርባ ሦስት ሰዎች አደሉ፤ ገሚሱን በቴሌግራም፣ ገሚሱን መንገድ ላይ አስቁመው በብሉቱዝ።

ከወር በኋላ ወደ ቦኖሻ ሲመለሱ ገነቴ ፓምፑ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሰላምታዋ አጭር ነው። ባለቤቷ ነህምያ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአርባ ሦስቱ አንዱ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለጓደኛው እያለ ዘፈኑ እዚያ ደርሷል። ነህምያ የሚስቱን ድምፅ ለየ። ጠፍቶ የከረመውና ደጅ ክፍት የተተወለት ሰው ማን እንደሆነ ደውሎ ጠየቃት። ይባስ ብሎ መጨረሻው ላይ አንድ ወንድ በሹክሹክታ "መጣች፣ መጣች" ይላል። ከዚያች ቀን ወዲህ አልደወለም፤ ስትደውልም አያነሳም። እሷ በበኩሏ የአጥቢያዋ ዘማሪ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የፍቅር ዘፈን ዘፈንሽ ብለው ለብቻዋ ጠርተው አነጋግረዋታል።

"ዘፈኑ የፀሐይ ነው" አለች ገነቴ። "እናቴ በርበሬ ስታሰጣ የምትለው ነው። መጀመሪያው ላይ 'ፀሐይ ሆይ' ይላል። እርስዎ ፀሐይዋን ቆርጠው ጣሏትና እኔን አስቀሩኝ።"

አቶ አክሊሉ በደከመ ድምፅ፣ ፀሐይ ሴት አይደለች ወይ፣ "ጠፍተህ" ለምን ተባለ ብለው ጠየቁ።

"በእናቴ ዘፈን ወንድ ነው። እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ሲያሰኘው ይመጣል።"

ጣቢታ እኚህን ሰው አንድ ቀን አንድ ሰው ልክ ሲያስገባቸው ለማየት ስትመኝ ኖራለች። አሁን ስታየው ግን ደስ አላላትም። አቶ አክሊሉ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሹታል። ዘፈኑን ከአርባ ሦስቱም ሰው ዘንድ አስጠፍቼ እመለሳለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ የራሳቸውንም እዚያው ፊቷ አጠፉ።

የሁለት ሳምንት መከራ ተጀመረ። ዕድሜያቸውን "ስሙልኝ" ሲሉ የኖሩ ሰው "አትስሙ" እያሉ መዞር ሆነባቸው። ለማን እንደሰጡ አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፤ ማን አንገቱን እንደነቀነቀ፣ ማን እንዳስመሰለ ጭምር። ችግሩ ሌላ ነው። ሆሳዕና ላይ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ፈትሁዲን አቶ አክሊሉን ከሩቅ ሲያይ ያልተደወለበት ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራ የሚመስል ሰው ነበር፤ አሁን ግን የፈለጉትን ያጥፉ፣ ይቺን ግን አልሰጥም አለ። ዶዮገና ያሉት ርእሰ መምህር ቋንቋቸው ከምባትኛ ነው፤ ከዘፈኑ አንድ ቃል አይገባቸውም፤ ነገር ግን ጠዋት የሚነሱት በእሱ ነው። ጊምቢቹ ያለችው ነርስ አዜብ ደግሞ ክትባት የተወጉ ሕፃናትን የምታባብለው በዚያ ድምፅ ነው፤ ካጠፋሁት እርስዎ መጥተው ያባብሉ አለቻቸው።

አቶ አክሊሉ ለሁሉም እውነቱን ተናገሩ። ሳላስፈቅድ ወሰድኩ፣ የሰው ትዳር አናጋሁ አሉ። ያንን ሲሰሙ እየከበዳቸው አጠፉት። በእነዚያ ሳምንታት መኪናው ውስጥ አንድም ዘፈን አልተሰማም። ጣቢታ ስትመኘው የኖረችው ዝምታ መጣ፤ እሱም እንደወለቀ ጥርስ ቦታ ሆነባት፤ ልቧ እየደጋገመ ወደ ክፍተቱ ይሄዳል።

ቦኖሻ ሲመለሱ ገነቴ የአርባ ሦስቱን ዜና ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ነህምያ ግን አሁንም አላነሳም ነበር። ያን ጊዜ ጣቢታ ለምን በማያውቀው ቁጥር አይደወልለትም አለች። አቶ አክሊሉ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። ነህምያ አነሳ። አቶ አክሊሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጤና ይስጥልኝ ከማለታቸው፣

"'መጣች፣ መጣች' የምትለው አንተ ነህ አይደል?" አለ ነህምያ።

አዎ አሉ። የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ የፓምፕ ሠራተኛ፣ የአራት ልጆች አባት መሆናቸውን፣ ዘፈኑን ሲቀዱ ሚስቱን ከአጥር ማዶ እንጂ ከቅርብ እንዳላዩዋት፣ ጥፋቱ በሙሉ የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ፣ "ከመጀመሪያው ስማው፤ ከዚያ የፈለግከውን በለኝ" አሉትና ስልኩን ለገነቴ አስጠጉላት።

ገነቴ ዘፈነች። ፀሐይን ጠራችው፣ ወቀሰችው፣ ደመናውን ሰደበች፣ ሸራው ላይ የሚሻግተውን በርበሬ ቆጠረችለት፤ ከዚያ ነው ደጁ ክፍት የሆነው፤ ከዚያ ነው ቀዩ የተዘረጋው። አቶ አክሊሉ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ይዘዋል። ጣቢታ አየቻቸው። ጣፋጩ ቦታ ሲደርስ ቅንድባቸው አልተሰቀለም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። ነህምያ በርበሬው ደረቀ ወይ ብሎ ጠየቀ። ገሚሱ ተበላሸ አለችው። ለስለስ ባለ ድምፅም ሙሉውን ተቀድቶ እንዲላክለት ለመነ።

ገነቴ አቶ አክሊሉን አየቻቸው፤ አውራ ጣታቸው የስልኩን መቅጃ መፈለግ ጀምሯል።

"አይቀዳም" አለች። "ሙሉውን የፈለገ መጥቶ ይሰማል።"

ነህምያ ሳቀ። ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። ይምጣ አይምጣ እግዜር ይወቅ፤ በዚያው ማታ ግን ራሱ እንደደወለላት ሰምተናል።

ሲመለሱ የመኪናው ሾፌር ቲቶ የሆሳዕናን ዳገት ሲጀምር አቶ አክሊሉ ማንጎራጎር ጀመሩ። የያዙት በጆሯቸው ብቻ ነውና ያንኑ ዘፈን አበላሹት። ደመናውን ከፀሐይዋ አስቀደሙ፤ ዜማው መውረድ ሲገባው እሳቸው ወጡ። ጣቢታ ጠርሙሶቿን ታቅፋ ሁለት ኩርባ ታገሰች። በሦስተኛው አልቻለችም።

"እንደሱ አይደለም፣ ጋሽ አክሊሉ" አለችና ከመጀመሪያው ጀመረችው።

አቶ አክሊሉ ዞር አላሉም፤ አንገታቸው ብቻ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ጀመረ። ቲቶም ዘፈኑ ሳያልቅ ከተማ እንዳይደርሱ መኪናውን ለዘብ አደረገው።