ከመከዳ ሳይነሱ ትከሻ ማፍታታት

ተጋድሞ ስፖርት የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ጭሮ ብቅ በሉና ወዳጄን ከድርን ጠይቁ። ከድር ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሰሞኑን የግራ ትከሻው ተያዘና ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ማውረድ አቃተው። የጤና ባለሙያዋ «ትከሻህን ቀስ እያልክ አንቀሳቅስ» አለችው።

እሱም ምክሯን በቁም ነገር ያዘ። በርጫ ላይ እንደ ልማዱ በግራ ክርኑ መከዳውን ተደግፎ፣ ጫቱን እየቀነጠሰ ስልኩን ከፈተልን። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ትከሻዋን በዝግታ ታሽከረክራለች።

«አያችሁ? ወደ ኋላ፣ ቀስ ብሎ!» አለ ከድር።

«ወላሂ ትክክል!» አልን ሁላችንም፤ ከመከዳው ግን ማን ንቅንቅ ይበል? ምርቃናው ሲመጣማ ነገሩ ሰፋ። የጭሮ ሕዝብ በየማለዳው ሜዳ ወጥቶ ትከሻውን እንዲያፍታታ ወሰንን። በአቅራቢያችን ባሉት ከተሞች በሂርናና በቦኬም ቅርንጫፍ ከፈትን። እኔ ራሴ ፊሽካውን ማን ይንፋ በሚለው ላይ አጥብቄ ተከራክሬአለሁ! ሲነጋ ማን ሜዳ ወጣ? ማንም።

በመጨረሻ ባለቤቱ ዘሀራ ሰለቻትና «አንተ ሰውዬ፣ ያሳመመህ እኮ ይሄው መከዳ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ከድር እውነቷን ነው ብሎ ሲያስብበት አደረ፤ በማግስቱም መከዳውን ወደ ቀኝ አዞረው።

አሁን ቀኙም ተይዟል። ዘሀራ ጣቃውን ሁሉ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዳዋለች፤ ከድር ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ስለ አንገት ማስተማር ጀምሯል።