ካሴ ሲነሳ የሚጮኸው ቶርኖ

[ደብረ ማርቆስ፤ በእትዬ ሥራነሽ ግቢ ውስጥ ያለ የኪራይ ቆርቆሮ ቤት። አሮጌው ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ባዶውን እየዞረ፣ እየተንቀጫቀጨ ይጮኻል። ከማሽኑ እግር ጋር በብሎን የታሰረ ረጅም የብረት ቋሚ ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ታፔላ አለ፦ «ጌቾ ቶርኖ ቤት፤ የማሽን በሽታ በድምፁ ብቻ እናውቃለን»። ባለቤቱ ጌቾ የዱላ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጓል። የሥራ ባልደረባው ካሴ መፍቻ ይዞ ቆሟል።]

ጌቾ፦ ዝም በል አልኩህ! እየሰማሁ ነው።

ካሴ፦ ይህን ለመስማት ዱላ ምን ያደርጋል? መናኸሪያ ድረስ ይሰማ የለም እንዴ?

ጌቾ፦ አንተ የምትሰማው ጩኸቱን ነው። እኔ የምሰማው በሽታውን ነው።

ካሴ፦ እና ምን ይላል?

ጌቾ፦ ኩሽኔታው ደርቋል። ግራሶ አምጣ!

ካሴ፦ ትናንት «ማርሹ ነው» አላልክም?

ጌቾ፦ ትናንት በግራ ጆሮዬ ነበር የሰማሁት። ፍጠን እንጂ! እትዬ ሥራነሽ ዛሬ መጥተው ይህን ጩኸት ከሰሙ ቤቱን ልቀቁ ሊሉን ነው። ይህን ሁሉ ብረት ተሸክመህ አምበር ከተማ ድረስ ልትወስደው ነው?

ካሴ፦ ኧረ አምበር ምን አደረገች!

[ግራሶውን ያቀብለዋል። ደክሞት ሳጥን ላይ ቁጭ ይልና ጀርባውን የብረት ቋሚው ላይ ያስደግፋል። ጩኸቱ ቀጥ ይላል። ቶርኖው ግን ይዞራል።]

ጌቾ፦ አላልኩህም! ኩሽኔታ ነው አላልኩህም!

ካሴ፦ ግራሶው እኮ እጅህ ላይ ነው። ገና አልቀባኸውም።

ጌቾ፦ ሽታው በቃው። ተነስና እይ!

[ካሴ ይነሳል። ቶርኖው ይጮኻል።]

ጌቾ፦ ቺንጋው ነው።

ካሴ፦ ኩሽኔታውስ?

ጌቾ፦ እሱማ ድኗል። ሁለት በሽታ ነበረበት ማለት ነው።

[ማሽኑን አጥፍቶ ቺንጋውን ያላላል። ካሴ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ፣ ቋሚው ላይ ደገፍ። ጌቾ ማሽኑን ያስነሳል። ጸጥታ።]

ጌቾ፦ ወይ እጅ! ይህን እጅ መሳም ነበር!

ካሴ፦ ካልክ ልሳመው።

[ሊስመው ብድግ ይላል። ቶርኖው ይጮኻል። ጌቾ እጁን ይሰበስባል።]

ካሴ፦ ጌቾ፣ አንድ ነገር ልበልህ? ይህ ማሽን እኔን የሚከታተለኝ ይመስለኛል። ስቀመጥ ዝም ይላል፣ ስነሳ ይጀምራል።

ጌቾ፦ ወቸ ጉድ! አንተን? እጅህን ዘርግተህ ባጃጅ እንኳ የማይቆምልህን ሰው? ሥራ ሲሰለችህ ሰበብ አታጣም። ሂድ፣ ቁጭ በልልኝ!

[በንዴት ማሽኑን በቡጢ ይመታዋል። ካሴም በዚያው ቅጽበት ሄዶ ይደገፋል። ጸጥታ።]

ጌቾ፦ አየህ? የቸገረው ቡጢ ነበር። አሁን እትዬ ሥራነሽ ይምጡ!

[እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይገባሉ።]

ካሴ፦ [ብድግ ብሎ] ኖር!

[ቶርኖው ያምባርቃል።]

ሥራነሽ፦ በእግዜ... ኧረ ጆሮዬን! ጌቾ፣ ምን ብዬህ ነበር?

ጌቾ፦ እትዬ ይሙቱ፣ አሁን ዝም ብሎ ነበር! [በሹክሹክታ] ካሴ፣ ቁጭ በል!

ካሴ፦ ትልቅ ሰው ቆሞ?

ጌቾ፦ በእናትህ ቁጭ በል!

[ካሴ እያፈረ ይቀመጥና ይደገፋል። ጸጥታ።]

ሥራነሽ፦ አሃ! የእናቱ እኩያ ስትገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል ልጅ ደግሞ መጣላችሁ? ምነው፣ አሳዳጊ የለህም?

ካሴ፦ [ብድግ ብሎ] ይቅር ይበሉኝ እትዬ!

[ጩኸት።]

ጌቾ፦ ተቀመጥ!

ሥራነሽ፦ ምን ያስቀምጠዋል? ቁም!

ካሴ፦ ኧረ የማንን ልስማ! ብቆም ቤት ያስለቅቁናል፣ ብቀመጥ ባለጌ ይሉኛል!

[ሥራነሽ ጠጋ ብለው የሚንቀጠቀጠውን ቋሚ በመዳፋቸው ይይዙታል። ጸጥታ። ይለቁታል። ጩኸት። እንደገና ይይዙታል። ጸጥታ።]

ሥራነሽ፦ ይህን ብረት ከማሽኑ ጋር ማን አሰረው?

ካሴ፦ ጌቾ ነዋ! የጮቄ ተራራ ነፋስ ታፔላውን እንዳይጥለው «ከቶርኖው የጸና ነገር የት ይገኛል» ብሎ።

ሥራነሽ፦ ታዲያ ማሽኑ ይህን እየነቀነቀ ነዋ ጣሪያዬን የሚደበድበው! በል ፍታና አውርደው።

ጌቾ፦ ታፔላውን? እትዬ፣ ስሜ እኮ ነው ያለበት! ከሮብ ገበያ አንድ ባለወፍጮ ዛሬ ይመጣል። ታፔላዬን ካላየ በምን ያገኘናል? ነገ አወርደዋለሁ፣ ዛሬን ብቻ ይታገሱኝ!

ሥራነሽ፦ እንግዲያው ያሰረው ሰው ይደገፈው። ካሴ፣ አንተ ተነስና ሥራህን ሥራ። እኔም እዚሁ ቆሜ አያለሁ።

[ጌቾ እያጉረመረመ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ ቋሚውን ይደገፋል። ካሴ እጅጌውን ሰብስቦ ማሽኑ አጠገብ ይቆማል። ወዲያው አቶ መሳፍንት የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ትከሻቸው ላይ አድርገው ይገባሉ።]

መሳፍንት፦ ጤና ይስጥልኝ። ታፔላውን አይቼ ነው የመጣሁ።

ጌቾ፦ [ደስ ብሎት ብድግ ሲል ቶርኖው ያምባርቃል] ኖ...

ሥራነሽና ካሴ፦ ተቀመጥ!

[ጌቾ ይቀመጣል። ጸጥታ።]

መሳፍንት፦ [ወደ ካሴ] ያ በሽታውን በድምፁ ያውቃል የተባለው ባለሙያ አንተ ነህ?

ካሴ፦ ኧረ እኔ ካሴ ነኝ።

መሳፍንት፦ ያ ተደግፎ የተቀመጠውስ ምንድን ነው ሥራው?

ካሴ፦ እሱማ የድምፅ መቀነሻችን ነው።