የካርታው አፕዴትና የጋሽ ድሮ ኩርፊያ

መሥሪያ ቤት የተባለ ሁሉ አንድ «የድሮው ይሻል ነበር» ባይ አያጣም። ጣሪያው ሊያፈስ፣ ወንበሩ ሊሰበር ይችላል፤ እሱ ግን ከቦታው አይታጣም። ለእኛ ማዘጋጃ ቤት የደረሱን ክቡር ቀያሹ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን መሬት በእግራቸው የለኩ ሰው። ዞር ሲሉ «ጋሽ ድሮ» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

ካርታችን ከመሳቢያ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሠራተኛው ሁሉ በየኮምፒውተሩ ከፍቶ ቤቱን፣ መንገዱን፣ የውሃ መስመሩን ያያል፤ የጎደለውን ይሞላል። ደግ ነገር ነበር፣ በየሦስት ወሩ አፕዴት ባይደረግ። ዓርብ ስክሪኑ ላይ በግራ የተውነውን ቁልፍ ሰኞ በቀኝ እናገኘዋለን።

ያን ሰኞ ጋሽ ድሮ ያኮርፋሉ። ኩርፊያ ስል የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይቀመጣሉ፤ ሰላምታ በአገጫቸው ይመልሳሉ፤ ስክሪኑን እንደተጣሉት ጎረቤት በጎን ያዩታል። «የሚሠራውን ለምን ይነካካሉ?» የምትለዋን ቃላቸውን እስከ ምሳ ሰዓት አሥር ጊዜ እንሰማታለን። አንዴ የፍለጋው ሳጥን ቦታ ስለቀየረ ብቻ ለኃላፊው ሁለት ገጽ አቤቱታ አስጽፈዋል። ሥልጠና ላይ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። አሠልጣኙ ገብቶዎት እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ እሱ ሳይወለድ ይህን ከተማ በሜትር እንደለኩት ነግረው አፉን አስያዙት። እኛም ከኋላ ሆነን ሳቅን።

ባለፈው ክረምት የመጣው አፕዴት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንዲት ልብስ ሰፊ ዝናብ እንደመታት ቢሯችን ገባች። ወንዙ ዳር ነው የምትኖረው። የጎርፍ መውረጃ የሚቆፍሩ ሰዎች ኩሽናዋን አፍርሰው፣ ሐሙስ ወደ መኝታ ቤቷ እንደሚቀጥሉ ነግረዋታል። ካርታውን ከፈትኩት። በሰፈሯ ላይ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል። አርባ ሦስት ቤት ከነሰዉ የለም። ቆፋሪዎቹም ያዩት ይህንኑ ነበር፤ ካርታው ላይ የሌለ ቤት ደግሞ እንደ ሕገ ወጥ ይቆጠራል።

የጠፋ ቤት የሚመለሰው በቀያሹ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ጋሽ ድሮ ማውዙን ያዙ፤ እጃቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። በዚህ ሰዓት እንኳ ያኮርፋሉ ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ። እሳቸው ሴትዮዋን ውጭ እንድትጠብቅ ለመኗትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ቁልፉን የት ነው ያዛወሩት?» አሉኝ።

«እዚሁ ፊትዎ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ፊቴ ያለው ነው የማይታየኝ። መሐል መሐሉ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲሠሩ የኖሩት ቁልፎቹን በቃላቸው ይዘው ነው፤ ከዳር ይሄን ያህል፣ ወደ ታች ይሄን ያህል እያሉ። አፕዴት በመጣ ቁጥር ጨለማ ቤታቸው ውስጥ ዕቃ ይዘዋወርባቸዋል። እኛ ደግሞ እንስቃለን። ማውዙን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ቤቶቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከድልድዩ በታች አናጢው፣ ከአናጢው ቀጥሎ መንታ ልጆች ያሏት ነርስ፣ ከዚያ ባዶው ቦታ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ። የለኩትን አልረሱም። እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየሞላሁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጨረስን፤ መውረጃውም በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። የልብስ ሰፊዋን ኩሽና ግን የመለሰላት የለም። ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ አበሰለች።

ጋሽ ድሮ የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ ለማንም እንዳልናገር። ከታወቀ ጡረታ ያወጧቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የሚጠብቃቸው ግድግዳ ነው። አልተናገርኩም። ደግ ማድረጌ ይሁን ክፉ፣ እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ ካርታው እንደገና ታደሰ። ማንም ሳይገባ ገብቼ የተዛወረውን ሁሉ አጠናሁና ከጎናቸው ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየቆጠሩ ደገሙት። ሦስቴ ተሳሳቱ። አራተኛው ላይ እጃቸውን ሰበሰቡና፣

«አንቺ ግን ዛሬም ቁርስ ሳትበዪ ነው የወጣሽው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከድምፄ ነው ያወቁት።